መሪው ፊት የተቀመጡት ሽማግሌ

ነገሩ ያስወጣኝ አንድ ሙክትና የከተማው ሰው እስከ ዛሬ የሚስቅብኝ ሳቅ ነው። አምና ጥቢ ላይ የሆነ ነው፤ መኪናዬን ባጠብኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

መካነ ሰላም እህል እነግዳለሁ። መኪናዬ ዕድሜ የጠገበች የእንግሊዝ ሚኒ ናት። ጣሪያዋ ደረቴ ጋ ነው። ጎረቤቶቼ "ስታድግ ምን ልትሆን ነው?" ይሉኛል። መሪዋ በቀኝ ነው። እኔ ግን እወዳታለሁ፤ በብርድ ጧት እንኳ አሳፍራኝ አታውቅም።

ልጄ የወግዲ ልጅ ወደደ። አባቷ ኮስታራ ናቸው፤ ከዚያ በፊት ሁለት ጠያቂ መልሰዋል። ስለዚህ ቃላቸው የማይወድቀውን ሼህ ይመርን ለሽምግልና ለመንኩ። ከሁለት ሽማግሎች ጋር ልወስዳቸው በጧት ደጃቸው ቆምኩ።

ሁለቱ ከኋላ ገብተው ጉልበታቸውን አገጫቸው ሥር አደረጉ። ሼህ ይመር ትልቅ ሰው የት እንደሚቀመጥ ያውቃሉ፤ በቀኝ በኩል ከፍተው ጋቢና ገቡ። ጋቢና ያሉት የእኔን ወንበር ነው። መሪውን ደገፍ ብለው "ቢስሚላህ፣ እንሂድ" አሉ።

እኔ ውጭ ቆሜያለሁ። ልጄን ሊድሩልኝ የወጡ ሽማግሌን ከወንበር ተነሱ ይባላል?

"ሼህዬ፣ የምነዳው በእርስዎ በኩል ነው።"

"እና ልታስነሳኝ ነው?"

"አላህ ይጠብቀኝ። ካልተነሱ ግን አንሄድም።"

"መኪናህ ክብር አታውቅማ።"

"ባዕድ አገር ነው ያደገችው፤ ወጋችንን ማን ያስተምራት?"

ከኋላ አንዱ "ይመር፣ ተነሳ በቃ፤ እግሬ ደነዘዘ" አሉ።

አንድ ሙክት ልክሳቸው ቃል ገብቼ ተነሱ። ዞረው በግራ ገቡ፤ እስከ ወግዲ ግን ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ሄዱ። የልጄን ነገር አበላሸሁት እያልኩ ነዳሁ።

ስንደርስ የልጅቷ አባት ወጥተው ሽማግሌዎቹን "ግቡ፣ ተቀመጡ" አሏቸው። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይፈቀድለት አይቀመጥም። እኔ ራቅ ብዬ መኪናዋን ተደግፌያለሁ። ሼህ ይመር ከዘራቸውን ተክለው ወደ እኔ ጠቆሙ።

"ያ የላከን ሰው ዛሬ ጧት ከተቀመጥኩበት አስነስቶኛል" አሉ።

አለቀልኝ አልኩ።

"በአንድ ቀን ሁለቴ ተነስ አልባልም። ልጅቷን ሰጠን ካላላችሁ አልቀመጥም። ከተቀመጥኩ ደግሞ የሚያስነሳኝ የለም።"

አባትየው ምን ሆነው ነው ብለው ጠየቁ፤ ተነገራቸው። መኪናዋን አዩ፣ እኔን አዩ። ኮስታራው ሰው ከት ብለው ሳቁ።

"ይቀመጡ ሼህ፤ ሰጥተናል።"

መኪናዋን ሽጣት የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አልሸጣትም። የሰው ሳቅም ለምዶኛል፤ አንዳንዴ ራሴው እጀምረዋለሁ።

ሒሳቡ ይኸው ነው፤ አንድ ሙክት ወጣ፣ አንዲት ምራት ገባች።