የግራው ቸርኬ

አባቴ ጥንዱን በሬ የሸጠው እኔ በተመረቅኩ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ማንንም አላማከረም። አምበር ገበያ ነድቷቸው ሄደና ጅራፉን ብቻ ይዞ ተመለሰ። እናቴ ምን ነካህ ስትለው፣ ቤቱ መሐንዲስ እያለው የበሬ ጭራ መከተል ነውር ነው አላት።

መሐንዲሷ እኔ ነኝ። ሜካኒካል ምህንድስና አምስት ዓመት ተምሬያለሁ። በአምስት ዓመት ውስጥ መፍቻ የጨበጥኩት አራቴ ነው፤ ሁለቱ ለፎቶ ነበር። ሞተር የሚባለውን ነገር የማውቀው በፕሮጀክተር ነው፣ ያውም መብራት ያልጠፋ ቀን። ይህንን ለአባቴ ብነግረው ትሕትና መሰለው።

ጊዜው ሚያዝያ ነው። መሬቱ እስከ ሰኔ ካልታረሰ የዓመት ቀለብ የለንም። ያለን ደግሞ ጓሮ የቆመው ትራክተር ብቻ ነው፤ እሱም የቆመው እኔ ሳልወለድ ነው። በደርግ ጊዜ የህብረት እርሻው ንብረት ነበር። እርሻው ሲፈርስ ገበሬው ንብረቱን ተካፈለ፤ ሌላው የሚሸከመውን ወሰደ፣ ለአያቴ የማይነሳው ደረሰው። ማረሻውም ከኋላው እንደተቀጠለ አብሮ ዛገ። መቀመጫውን ያገኘሁት ጠላ ቤት ነው። ባለቤቲቱ የክብር እንግዳ ታስቀምጥበት ኖሯል፤ ስትሰጠኝም ለጥምቀት ትመልሽልኛለሽ አለችኝ።

የነዳጅ ታንኩ ውስጥ አይጥ ወልዳ፣ ልጆቿም ወልደዋል። እሱን ጠርጌ፣ ናፍጣ የሚረጨውን ፖምፓ ፈትቼ ደብረ ማርቆስ ወሰድኩት። ባለሙያው ከዚህ በፊት ፖምፓ ፈትተሽ ታውቂያለሽ ወይ ሲለኝ በቲዎሪ አልኩት። እስኪበቃው ሳቀ። ሦስት ቀን አጠገቡ ቆሜ፣ አምስት ዓመት ያልተማርኩትን ተማርኩ። ግንቦት ሲገባ ሞተሩ ተነሳ። ጭሱን ያየ ጎረቤት ቤት ተቃጠለ ብሎ ውሃ ይዞ መጣ። አባቴ በራፍ ላይ ቆሞ፣ ፖምፓውን እሱ የፈታው ይመስል፣ እንኳን ደስ አለህ ሲባል ዋለ።

ችግሩ ትራክተሩ ሦስት እግር ነው ያለው። የፊት ግራው ቸርኬ የለም፤ ጎማውን የሚሸከመው ብረት ማለት ነው። በሱ ፈንታ ድንጋይ ተደግፎበታል። አባቴን የት ገባ ስለው ጠፋ አለኝ። የፒካፕ ቸርኬ ገዝቼ ቶርኖ ቤት ቀዳዳውን ላስተካክለው አልኩት።

"በሰው እግር ይሄዳል እንዴ?" አለኝ። "ኦሪጅናሉን ፈልጊ።"

ኦሪጅናል የምትለዋን ቃል ከየት እንዳመጣት እንጃ። የሚለብሰው ካፖርት ራሱ ሦስት ዓይነት ቁልፍ ነው ያለው።

ማርቆስ ብረታ ብረት ተራ ወረድኩ። እዚያ ኦሪጅናል ያልሆነ ነገር የለም። አንዱ ሻጭ አረንጓዴ ቸርኬ አውጥቶ ከነፋብሪካ ቀለሙ ነው ብሎ ማለ። የፋብሪካው ቀለም ጣቴ ላይ ቀረ። የየትኛው ትራክተር ነው ስለው ለሁሉም ይሆናል አለኝ። ለሁሉም የሚሆን ኦሪጅናል ያየሁት ያኔ ነው። ግን አምስት ቀዳዳ አለው፣ ግንቦትም እየሄደ ነው፣ ገዛሁት። ባጃጁ ዕቃ አልጭንም ስላለኝ እስከ መናኸሪያ ድረስ እንደ ሕፃን ታቅፌው ሄድኩ። ቤት ስደርስ ቀዳዳዎቹ ከብሎኖቹ ሁለት ጣት ይርቃሉ። አባቴ አየው፣ እኔን አየኝ፣ "ኢንጂነር" አለኝና ገባ።

በሳምንቱ እሑድ ቅዳሴ ቆሜያለሁ። የደብራችን ደወል ጽድ ላይ የተንጠለጠለ ክብ ብረት ነው። ከተወለድኩ ጀምሮ እሰማዋለሁ፤ አይቼው ግን አላውቅም ማለት ይቻላል። ዲያቆኑ ሲመታው ዞር አልኩ። አምስት ቀዳዳ አለው። ሹራቤ ኪስ ውስጥ ለናሙና የምይዘው ብሎን ነበር፣ ጠጋ ብዬ ከተትኩት። ልክ ገባ። አንዲት ሴትዮ ነጠላዬን ጎተት አድርገው፣ ልጄ ደህና አይደለሽም እንዴ አሉኝ።

ቤት እንደገባን ለአባቴ ነገርኩት። ዘሎ ይነሳል ብዬ ነበር። እሱ ጫማውን ማውለቁን ቀጠለ። ያኔ ገባኝ፤ ያውቃል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ማርቆስ ስመላለስ፣ ያንን ብረት ታቅፌ ስመጣ፣ ያውቅ ነበር። ጮኽኩበት። እናቴ ተይው ብላ እሷ ነገረችኝ። አባቴ ልጅ ሆኖ በንዳድ ታሞ፣ ሰው ሁሉ ተስፋ ቆርጦበት ነበር። አያቴ ልጄን ካተረፍክልኝ ለደብሩ ደወል አስገባለሁ ብሎ ተሳለ። ከቤቱ ብረት የሚባል ነገር ትራክተሩ ብቻ ነበር። ልጁ ሲድን ቸርኬውን ፈትቶ፣ በትከሻው ተሸክሞ ለደብሩ አስገባ።

"አባቴ በእኔ ነፍስ የሰጠውን" አለ አባቴ ቀና ሳይል፣ "እኔ በጤፍ ልጠይቅ?"

ግን በሬም የለንም። እሱ ካፈረ እኔ አላፍርም ብዬ የደብሩን ንብረት ወደሚጠብቁት ቄሰ ገበዝ ሄድኩ። ሳል እያቋረጣቸው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

"ስለት አይመለስም ልጄ" አሉኝ። "በሚበልጥ ግን ይለወጣል።"

ብልጥ ነኝ ብዬ አረንጓዴውን ተሸክሜ አመጣሁላቸው። በገመድ አንጠልጥለው በጠጠር ነካ አደረጉት። ተሰብሮ የተበየደ ነው አሉ። አያምታቱኝ ብዬ ቀለሙን ፋቅኩት። ከዳር እስከ ዳር ብየዳ ነው። ስለ ብረት ስንጥቅ ሁለት ኮርስ ወስጃለሁ፤ በአንደኛው ኤ ነው ያገኘሁት።

እንግዲያው እርስዎ ይምረጡልኝ አልኳቸው። ጧፍ መግዛትም ስለነበረባቸው አብረውኝ ማርቆስ መጡ። ብረታ ብረት ተራ ጃንጥላቸውን ለእኔ አስያዙና ጠጠራቸውን ይዘው ገቡ። ሻጩ ኦሪጅናል ይላል፤ እሳቸው ነካ ያደርጋሉ፣ ጆሯቸውን ዘንበል ያደርጋሉ፣ ሰላም ዋሉ ብለው ያልፋሉ። አረንጓዴውን የሸጠልኝ ሰውዬ እኔን ሲያይ ስልክ የሚያናግር መሰለ። የስልኩ መብራት እንኳ አልበራም።

ተራው መጨረሻ ላይ አንድ ሻጭ የከሰል ምድጃውን የከባድ መኪና ቸርኬ ላይ አስቀምጦ ሻይ ያፈላል። ቄሰ ገበዙ ምድጃውን አስነሱት። እኔና ሻጩ ቸርኬውን በገመድ ከፍ አድርገን ያዝን፣ እሳቸው መቱት። ተራው ሁሉ ቀና አለ። ድምፁ ክንዴ ውስጥ ገብቶ ቆየ።

"አባ፣ ይሄ እንኳ ኦሪጅናል አይደለም" አለ ሻጩ። "ዝም ብሎ ብረት ነው።"

በዚያ ተራ እውነት ሲነገር የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

አዲሱ ሲሰቀል ምእመኑ አጉረመረመ። የጎረቤት ደብር ደወል መስሏቸው ተኝተው የቀሩም አሉ፤ ድሮም የሚተኙ ናቸው። አሮጌው ሲወርድ አባቴ ከግቢው ደጅ ርቆ ቆሟል። እኔ እጄን ዘረጋሁ። ቄሰ ገበዙ አልፈውኝ እሱን ጠሩት።

"ስለቱ ደርሷል" አሉት። "ይሄ ብረት ነው። እረስበት።"

ተቀበላቸው። እስከ ቤት ድረስ አላሸከመኝም።

ሠላሳ ዓመት አንድ ቦታ ሲመታ የኖረ ብረት ምን እንደሚሆን ገምቱ። ከንፈሩ ወደ ውስጥ ታጥፏል። ጎሚስታው ቀጥቅጦ የቻለውን አቀና፣ አሮጌ ጎማ አለበሰው፣ የቀረውን እግዚአብሔር ያቅናው አለ። አምስቱ ብሎን ልክ ገባ። ትራክተሩ ሲንቀሳቀስ ግን የግራው ጎማ ጠጅ ቤት እንደዋለ ሰው ይወላገዳል። የፒካፑን ብንሰራ ኖሮ ቀጥ ብሎ ይሄድ ነበር አልኩት አባቴን። ይሄ ኦሪጅናል ነው አለኝ።

ማረስ የጀመርኩት የግንቦት መጨረሻ ሳምንት ነው። ሰማዩ በማርቆስ በኩል ጠቁሯል። ትልሜ ቀጥ አይልም፤ ጎረቤት ሁሉ ዳር ወጥቶ ይስቃል። አንዱ፣ ያረሰችው እባብ ናት እንዴ ብሏል። ይሳቅ፤ በሁለተኛው ቀን ከሰዓት የቀረው ወንዝ ዳር ያለው ጥግ ብቻ ነበር። ያኔ ነው ዝናቡ ጠብ ጠብ ማለት የጀመረው። ካቆምኩ መሬቱ ጭቃ ይሆናል፣ እስኪደርቅም ወራት ነው። ነዳጅ ሰጠሁት።

ጎማው ከበፊቱ የባሰ መወላገድ ጀመረ። አባቴ ከዳር መጥቶ ከግራው ጎማ ፊት ፊት፣ ወደ ኋላ እየተራመደ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ ዓይኑን ከብረቱ ሳይነቅል ይሄዳል። ዞር በል፣ ትደፈጠጣለህ አልኩት። ሞተሩ ድምፄን ዋጠው፣ ወይም ሰምቶ ተወኝ። ትልሙ እስኪያልቅ፣ ዝናብ ካፖርቱን እያበሰበሰው፣ እንደዚያው ሄደ። ቸርኬው ከተነቀለ ሊቀልበው ነበር መሰለኝ።