እናቴ ለመኮንኑ የሰጠችው መልስ

ሕመሙ በደም ጀመረ። እናቴ ካረጠች ዓመታት አልፈው ነበር፤ አንድ ቀን እንሰት ስትፍቅ ቀሚሷ ላይ ደም አየች። አፍራ ከእኔ ደበቀችው። አባቴ ጣሊያንን ሊወጋ ጫካ ገብቶ፣ ቡታጅራ ቤታችን የቀረነው እኔና እሷ ብቻ ነበርን።

ክረምቱ ሲወጣ ከእምብርቷ በታችና ጭኗ ላይ እንደ ባቄላ የጠጠሩ እብጠቶች ወጡ። ቀሉ። ፈነዱ። ሸተቱ። ጎረቤት መምጣት ተወ።

በበቅሎ ጭኜ ከተማው ውስጥ ወዳለው የጣሊያኖች ሐኪም ወሰድኳት። መረመራት፤ እጁን ታጥቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠና በአስተርጓሚ ነገራት።

«ካንሰር ነው። ከማሕፀን በር ተነሥቶ ወደ ቆዳሽ ተሰራጭቷል። ላድንሽ አልችልም። ሥቃዩን ግን አስታግስልሻለሁ።»

ሞርፊን ሊያመጣ ሲነሣ በሩ ላይ የቆመ መኮንን፣ አባቴ ጫካ መግባቱን ሰምቶ ኖሮ፣ ከለከለው። «መጀመሪያ ባሏ የት እንዳለ ትናገር» አለ።

የእናቴ ላብ ይወርድ ነበር። ቀስ ብላ ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ሕመሙ የኔ ነው፤ እችለዋለሁ። ባሌን ግን አልሸጥም።»

ደግፌያት ወጣሁ። እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም። መኮንኑ ከሄደ በኋላ ሐኪሙ ከአስተርጓሚው ጋር ደረሰብንና ጥቂት የሞርፊን ክኒን እጄ ላይ አኖረ። «ውሃ አፍልተሽ ጨው ጨምሪበት፤ ሲበርድ ቁስሏን እጠቢ። ጨርቁንም ቀቅዪው» አለኝ።

ክኒኑ አለቀ። ሥቃዩ አላለቀም። በየቀኑ አጠብኳት።

«ልጄ፣ አልተጸየፍሽኝም?» አለችኝ አንድ ቀን።

«አንቺ እኔን ስታሳድጊ ተጸይፈሽ ነበር እማዬ?»

ሳቀች። በሳምንቱ ዐረፈች።

ጣሊያን ወጥቶ አባቴ በደህና ሲመለስ የመለሰችውን ነገርኩት፤ ጎረቤቶቻችን ባሉበት ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመውና አለቀሰ። እኔም ሐዘኑ ሲቀልልኝ ወልቂጤ ወርጄ ክሊኒክ ውስጥ ቁስል አጣቢ ሆኜ ተቀጠርኩ፤ እናቴን ሳጥብ የተማርኩትን ሙያ ይዤም ብዙ ዓመት ሠራሁ።

ስሙን ላልጠየቅሁት ለዚያ ሐኪም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናንተ እህቶቼ፣ ካረጣችሁ በኋላ ደም ካያችሁ እንደ እናቴ አፍራችሁ አትደብቁ፤ ቶሎ ተመርመሩ፤ ቀድሞ የተገኘ ይታከማል። አስታማሚዎችም ቁስል ስታጥቡ ፊታችሁን አታዙሩ፤ ታማሚዋ የምታየው ቁስሏን ሳይሆን ፊታችሁን ነው።