መሪጌታ ሳሎን ውስጥ የሰገዱ ቀን

ሥራ የጀመርሁ ቀን ጋሽ አዳሙ መሰላል አሸከሙኝና ከፊታቸው አስቀደሙኝ። ባሕር ዳር ውስጥ ዲሽ በመግጠም የታወቁ ሰው ነበሩ፤ ረዳት ሆና የመጣችላቸው ሴት ግን እኔ የመጀመሪያዋ ነበርሁ። «ስሚ» አሉኝ፤ «የደንበኛን ካርቶን አንቺ እንዳትከፍቺ። ባለቤቱ ይቅደደው፤ ደስታው የሱ ነው።» ሌላ ምክር አልሰጡኝም። ቀኑን ሙሉ ሽቦ ስጎትት ዋልሁ።

ከረዳትነት ዕቃ ገጣሚ ሆንሁ። ከዲሽ ወደ ካሜራ፣ ከካሜራ ወደ ስማርት ቴሌቪዥን ተሻገርሁ። ዓይን ላይ ታስሮ የተቀረጸን ቦታ ዙሪያውን የሚያሳየው የቪአር መነጽር ሲመጣ ከሱቃችን የምችለው እኔ ብቻ ነበርሁና ልቤ አብጦ ነበር።

የዚያ ቀን ደንበኛዬ ገነት ትባላለች፤ የኮሌጅ አስተማሪ ናት። መነጽሩን ያስመጣችው ለአባቷ ነው። መሪጌታ ጣና ላይ ባለ አንድ ደሴት ገዳም ዕድሜያቸውን ሙሉ አገልግለው፣ ጉልበታቸው ጀልባ መውጣትና መውረድ ሲያቅተው ልጃቸው ዘንድ የገቡ ሰው ናቸው። አሁን ደግሞ ሐኪሙ ዓይናቸው ብዙ እንደማይቆይ ነግሯቸዋል። ገነት ሰው ልካ፣ አስፈቅዳ፣ የገዳሙን ግቢና የቤተ ክርስቲያኑን ደጃፍ ዙሪያውን በሚቀርጽ ካሜራ አስቀርጻለች። «ሳይጨልምባቸው አንዴ እንኳ ይዩት ብዬ ነው» አለችኝ።

ካርቶኑን መሪጌታ ራሳቸው ቀደዱት። ቻርጀሩን፣ ሁለቱን የእጅ መቆጣጠሪያዎች አንድ በአንድ እያነሡ «ይኼስ?» ይሉኛል። መነጽሩን ከዋይፋይ ጋር አገናኘሁት፤ አፕዴቱ አላልቅ አለ። ከከተማ ወጣ ብላ ባለችው መሸንቲ ሌላ ሥራ ይጠብቀኝ ስለነበር ተቁነጠነጥሁ።

ከዚያ በኋላ ወሰን ማስመር አለ። መነጽሩን ያደረገ ሰው ክፍሉን አያይም፤ ስለዚህ ገጣሚው ወለሉ ላይ ያለውን ነጻ ቦታ በመቆጣጠሪያው ይከብበዋል፤ ሰውየው ከዚያ ሊወጣ ሲል መነጽሩ ያስጠነቅቀዋል። ሳሎኑ ጨለም ያለ ነበርና መነጽሩ ወለሉን አላውቅም እያለ ሦስቴ መለሰኝ። መጋረጃ መግለጥ፣ ጠረጴዛውን ገፋ ማድረግ፣ እንደገና መጀመር ነው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ግን ሽማግሌ ናቸው፣ ሶፋ ላይ ቁጭ ብለው ነው የሚያዩት ብዬ ወሰኑን ጭራሽ አጠፋሁት። አይነሡ ብዬም አልነገርኋቸውም።

መሪጌታ የሚያዩት ቤተ ክርስቲያናቸውን መሆኑን ሲሰሙ ጫማቸውን አወለቁ፤ ጋቢያቸውን መስቀለኛ አጣፉ። ያኔ እንኳ እንዴት አይገባኝም! ደጃፍ ስንደርስ የምናደርገውን እኔስ አጥቼው ነው? ልቤ መሸንቲ ነበር። መነጽሩን አጠበቅሁላቸውና ምስሉን ከፈትሁት።

መጀመሪያ ራሳቸውን ወደ ግራ ወደ ቀኝ አዞሩ። ቀጥሎ «እሰይ፣ እሰይ... ደጃፉ!» አሉ። በዚያ ጉልበታቸው ብድግ ብለው ሰገዱ። ግንባራቸው ወለል ሳይደርስ ጠረጴዛው ተቀበላቸው። የመነጽሩ ጠርዝ ቅንድባቸውን ሰነጠቀው፤ ደሙ ጋቢያቸው ላይ ወረደ።

ገነት ከጓዳ ሮጣ መጣች። «ምነው? ምን አደረግሻቸው?»

«ቁጭ ብለው ይዩ ብያቸው ነበር» አልሁ። «አልሰሙኝም።»

ውሸት መሆኑን እያወቅሁ ነው ያልሁት። ወዲያው ማስተካከል እችል ነበር፤ አላስተካከልሁም።

መሪጌታ ቁስላቸውን በፎጣ ይዘው ወደ እኔ ዞሩ። «ነግረሽኝ ነበር እንዴ ልጄ? ጆሮዬ ደክሟል። አስደነገጥሁሽ፤ ይቅር በይኝ።»

«ምንም አይደል አባቴ» አልኋቸው። በዳይ ሆኜ ይቅር ባይ ሆንሁ! ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይነድዳል።

ለጋሽ አዳሙም ያንኑ ነገርሁ። «ምን ታደርጊያለሽ፣ እርጅና ነው» ብለው አለፉት።

ከሳምንታት በኋላ ገነት ገመድ ልትገዛ ሱቅ መጣች። ስለ አባቷ ጠየቅኋት። «ቁስሉ ድኗል። መነጽሩን ግን እንቢ አሉ። የሚነገረኝን የማልሰማ ሰው ነኝ፣ ዕቃ አበላሻለሁ ይላሉ። ለምኜ ለምኜ ተውሁት» አለችኝ። ልናገር አፌን ከፈትሁ። ጋሽ አዳሙ አጠገባችን ቆመው ነበርና መልሼ ዘጋሁት።

የሄድሁት ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። መሪጌታ በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ፊቴን አልለዩትም፣ በድምፄ ነው ያወቁኝ። እግራቸው ሥር ተንበርክኬ ሁሉንም ተናገርሁ፤ እንዳልነገርኋቸው፣ ወሰኑን እንዳጠፋሁት፣ ይቅርታው የሳቸው ሳይሆን የኔ ዕዳ እንደነበረ። አላቋረጡኝም። «እግዚአብሔር ይቅር ይበለን» አሉ። ወዲያው ፊታቸው ፈካ። «እንግዲያ ጥፋቱ የኔ ካልነበረ፣ አሁን ባየው ምን አለበት? እስቲ አምጪው።»

እጃቸውን ይዤ ሳሎን አስገባኋቸው። መጋረጃውን ገለጥሁ። ጠረጴዛውን ወደ ውጭ አወጣሁ። ወሰኑን አስተካክዬ አሰመርሁ። መነጽሩን አደረግሁላቸው፣ ምስሉን ከፈትሁ፣ ክንዳቸውን ይዤ አጠገባቸው ቆምሁ።

ጥቂት ጠበቁ። «መቼ ነው የምትከፍችው ልጄ?» አሉኝ።

ምስሉ ከተከፈተ ቆይቶ ነበር።

ለዕቃ ገጣሚዎች የምለው ይህን ነው፦ ስትሳሳቱ እዚያው ቤት ውስጥ፣ በዚያው ሰዓት ተናገሩ። ዘግይቼ የተናገርሁት እኔን አሳረፈኝ እንጂ ለመሪጌታ ምንም አልጠቀማቸውም።