የተዘቀዘቀችው ሰባት ቁጥር

በክፍሉ ውስጥ የነበርነው አራት ሰዎች ነን። የአሮጌ ፖስታ ሰብሳቢዎች ማኅበራችን ጸሐፊ ፒተር ከረጅሙ ጠረጴዛ ጀርባ ቆሟል። አቶ ፋንታሁን ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ቦርሳቸውን በብብታቸው ይዘው በሩ አጠገብ ናቸው። ልጃቸው ሣራ የመኪና ቁልፍ በእጇ ይዛ ከኋላቸው ቆማለች። እኔ መስኮቱ ጋ፣ ብርሃን ባለበት ነበርኩ። ቦታው ለንደን፣ አርችዌይ፣ ከአንድ ቤተ መጻሕፍት በላይ ያለ አዳራሽ ነው። ስምንት ዓመት ገደማ ቢያልፈውም ማን የት እንደቆመ አልረሳሁም። በዚያ ቀን “ተሳስተሻል” ያላለኝ ሰው አልነበረም።

አገሬ ሳለሁ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ተቀጥሬ፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ደብዳቤ ላይ ማኅተም ስመታ ኖሬአለሁ። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ለንደን ወዳለችው ልጄ መጣሁ። እሷ ሥራ ስትውል እኔ ሼፈርድስ ቡሽ ገበያ እየሄድኩ አሮጌ ዕቃ አይ ነበር። አንድ ቀን አንድ ካርቶን ሙሉ ያገለገሉ ፖስታዎች አገኘሁ። ከመቶ ዓመት በላይ የሆናቸው ናቸው። አሜሪካኖች ወርቅ ፍለጋ ወደ ምዕራብ ሲጎርፉ ድንኳን ተክለው ከቆረቆሯቸው ሰፈሮች የተላኩ ነበሩ። ወርቁ ሲያልቅ ሰዉ ተበተነ፣ ፖስታ ቤቱም ተዘጋ። ብዙዎቹ ሰፈሮች ዛሬ ካርታ ላይ የሉም። ስማቸው የቀረው ማኅተሙ ላይ ብቻ ነው። እነዚህን መሰብሰብ የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው።

ከሁሉ የምሳሳለት ድራይ ፎርክ ከሚባል ሰፈር የተላከው ነው። ማኅተሙ ላይ ያለው ቀን 17 ሲሆን ሰባቷ ተዘቅዝቃለች። በእጅ በሚመታ ማኅተም የቀኑ ቁጥር ጠዋት ጠዋት በወረንጦ እየተነቀለ ይለወጣል። እኔም በተቀጠርኩ በመጀመሪያው ወር አንዷን ቁጥር ዘቅዝቄ አስገብቼ እስከ ምሳ ሰዓት ስመታ አርፍጃለሁ። አለቃዬ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቦ በሰው ፊት ገሠጸኝ። ያን ፖስታ የገዛሁት በዚህ ምክንያት ነው። ለማንም አልተናገርኩም።

አቶ ፋንታሁን የሃክኒ ነዋሪ፣ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። የተዋወቅነው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ማኅበሩ ውስጥ ያስገባኋቸውም እኔ ነኝ። የእኔን ፖስታ ካዩ በኋላ ፈልገው ከዚያው ከድራይ ፎርክ የተላከ ሌላ አገኙ። ቀኑም ያው 17 ነው። የእሳቸው ሰባት ግን ቀጥ ብላ የቆመች ናት። ዛሬም ስንገናኝ ሰላምታ እንለዋወጣለን። ስለዚያ ቀን አንስተን አናውቅም።

ማኅበሩ የአንድ ወር ኤግዚቢሽን ሲያዘጋጅ ሁለታችንም ፖስታችንን ሰጠን። እኔ ሳስረክብ ደብተሬን አውጥቼ ምን እንዳስረከብኩ ጻፍኩና ፒተርን ፈርም አልኩት። ፖስታ ቤት ውስጥ ያለ ፊርማ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ነገር የለም። ፒተር ግራ እየተጋባ ፈረመ።

አቶ ፋንታሁን ሳቁ። “እትዬ ጽጌ፣ ለንደን እኮ ነው ያለነው! ቀበሌ አደረጉት። ማኅተምስ አይመቱበትም?”

“ማኅተሙን ካመጡልኝ እመታለሁ” አልኳቸው።

ኤግዚቢሽኑ ባለቀ ማግስት ፒተር ፖስታዎቹን ከመስታወት ፍሬማቸው አውጥቶ ይመልስ ነበር። መጀመሪያ ለአቶ ፋንታሁን ሰጠ፤ ቀጥሎ ለእኔ። መስኮቱ ጋ ወስጄ በአጉሊ መነጽር አየሁት። ሰባቷ ቀጥ ብላ ቆማለች።

“ይህ የእኔ አይደለም” አልኩ።

ፒተር የኤግዚቢሽኑን ዝርዝር አየና ሁለቱም ከድራይ ፎርክ መሆናቸውን፣ ምናልባት እኔ ተሳስቼ እንደሆነ በትሕትና ነገረኝ። አቶ ፋንታሁን ቦርሳቸውን ወደ ብብታቸው ጠበቅ አደረጉ።

“እትዬ ጽጌ፣ ተሳስተዋል። በእኛ ዕድሜ ዓይን ይደክማል።”

“እንግዲያው የያዙትን ያሳዩኝ። ከተሳሳትኩ ይቅርታ እጠይቃለሁ።”

“አንዴ ጠቅልዬ አስገብቼዋለሁ። የራሴን አላውቅም ብለው ነው?” ወዲያው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ደግሞስ በፈረንጅ ፊት ሌባ ሊያስመስሉኝ ነው? ቤተ ክርስቲያን ቢሰማ ምን ይባላል?”

ሣራም “እማማ፣ አይ ቲንክ ተሳስተው ነው” አለችኝ፤ ቀስ ብላ፣ እንዳይከፋኝ።

ዝም ብል ነገሩ በሰላም ያልቅ ነበር። ነገር ግን ቦርሳው ከዚያ በር ከወጣ በኋላ ፖስታው የእኔ መሆኑን ማስረዳት አልችልም።

“ሌባ አላልኩም። ተቀያይሯል ነው ያልኩት” አልኳቸው። ወንበር ጎትቼ በሩ ፊት አስቀመጥኩና ተቀመጥኩበት። ከዚያ ደብተሬን አውጥቼ ፒተር እንዲሰማ በእንግሊዝኛ አነበብኩ። ቀኑ 17፣ ሰባቷ የተዘቀዘቀች። በጀርባው ሦስት የቀይ ሰም ጠብታ። ግራ ማዕዘኑ የጥፍር ያህል የተቀደደ። ከሥሩ የፒተር ፊርማ ነበር። ደብተሩን አዙሬ አሳየሁት። ፊቱ ቀላ።

“ዳዲ፣ ጀስት ቼክ አድርገው” አለች ሣራ።

“አንቺ ደግሞ!”

“ፕሊስ፣ ዳዲ። ፓርኪንጉ ሊያልቅብኝ ነው።”

አቶ ፋንታሁን ቦርሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አድርገው ከፈቱ። ፒተር ፖስታውን ተቀብሎ ፊትና ጀርባውን ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጠና ይቅርታ ጠየቀኝ። ሲመልስ ያቀያየረው እሱ ነው።

“እዚህ የመጣ ሰው ሁሉ እኮ ይቺን የተዘቀዘቀች ቁጥር ነበር የሚያደንቀው” አሉ አቶ ፋንታሁን። ይህን ብለው አፋቸውን ያዙ። ሣራ አባቷን አየቻቸው።

የእሳቸውን ፖስታ በሁለት እጄ አስረከብኳቸው። ደብተሩን አዲስ ገጽ ላይ ገልጬ እስክሪብቶ አቀበልኳቸው።

“እዚህ ላይ ይፈርሙ።”

በዚህ ጊዜ አልሳቁም። ፈረሙ። ቀጥሎ ፒተር ፈረመ። እኔ ከሥር “ተረክቤአለሁ” ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

“እማማ፣ በመኪና ላድርስዎት?” አለችኝ ሣራ።

“አውቶቡስ አለ” አልኳት። ፖስታዬን ደብተሩ ውስጥ አስገባሁ፣ ወንበሩን ወደ ቦታው መለስኩና ደረጃውን ወርጄ ሄድኩ።