ለአንድ ሰው ስም ተብሎ የተጻፈ ታሪክ

ሱዳን ለሁለት በተከፈለች ማግስት ካርቱም፣ ሪያድ በሚባለው ሠፈር በቤት ሠራተኝነት የሠራሁላቸው አዛውንት ጡረታ የወጡ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ። ሐጂ እላቸዋለሁ። ውለው የሚያመሹት ሲጽፉ ነው፤ የሚጽፉትም የሮኬት ደረቅ ነዳጅ ሙቀት እንዲችል ሰዎች እንዴት እንደለፉ ነው። ከሰዓት በኋላ ሻይ ሳቀርብ ያስቀምጡኝና ይተርኩልኛል። መጀመሪያ ነዳጁን የሚያጣብቁት በሬንጅ ነበር፤ ያ ደግሞ ፀሐይ ሲመታው እንደ ካርቱም አስፋልት ይለሰልሳል፣ ብርድ ሲነካው ይሰነጠቃል። ቆይቶ እንደ ጎማ የሚለጠጥ ማጣበቂያ ተገኘ። ስጀምር ለወጉ ያህል ነበር የምሰማው፤ በኋላ ግን ነገሩ ልቤን ሳበው፣ ሲዘሉም የማርማቸው እኔ ሆንኩ።

«ይሄን ሁሉ የምደክመው ለአንድ ሰው ብዬ ነው» ይሉኝ ነበር። ወጣት ሳሉ ውጭ አገር አብሯቸው ሲመራመር በቤተ ሙከራ ቃጠሎ የሞተ ጓደኛቸው ነው። ስሙ በየትኛውም መጽሐፍ አልተነሳም። እሳቸው ደግሞ መርሳት ጀምረዋል፤ ምሳ መብላታቸውን እንኳ እኔን ይጠይቃሉ። ስለዚህ ታሪኩንም የሰዎቹንም ስም ገና ሳይጠፋባቸው በአንድ ወፍራም ደብተር በቀለም ብዕር አስፍረዋል።

አንድ ቀን ሀቡብ፣ ያ የካርቱም የአቧራ ነፋስ፣ ቤቱን አልብሶት ሄደ። እኛ ወሎ ውሃ ሳይረጩ መጥረግ አናውቅም። በጆግ ሞልቼ ክፍላቸውን ረጨሁት፤ መሬት ላይ ያገኘሁት አንሶላም ሊታጠብ የተጣለ መስሎኝ አልማርኩትም። ለካ ነፋስ እንዳይበትንባቸው ደብተሩን ከሥሩ ደብቀውት ኖሯል። ስገልጠው ጽሑፉ ሰማያዊ ውሃ ሆኗል። ደብተሩን እንደያዝኩ ሄጄ አሳየኋቸው።

ይጮሁብኛል ስል «ማሌሽ ያ ቢንቲ፣ አይዞሽ ልጄ፣ አንቺ ታውቂው የለ? ያላ፣ ንገሪኝ» ብለው አዲስ ወረቀት አወጡ። በተሰባበረ ዐረብኛዬ ሬንጁንም፣ ስንጥቁንም፣ ጎማውንም መልሼ ነገርኳቸው። ሳምንት ሙሉ ጻፉ። ቃጠሎው ላይ ስንደርስ ብዕራቸውን ከወረቀቱ አነሱ።

«ስሙ ማን ነበር?»

«አልነገሩኝም፣ ሐጂ።»

«አልጠየቅሽኝም?»

አልጠየቅኳቸውም። እሳቱ እንዴት እንደተነሳ፣ ማን እንዳወጣው፣ የት እንደተቀበረ ሁሉ ጠይቄያለሁ፤ ስሙን ግን አልጠየቅኩም። እኔ ራሴ በዚያ ሠፈር ስንት ዓመት «ሐበሻዋ» እየተባልኩ ሲከፋኝ የኖርኩ ሰው ነኝ። አፈርኩ፤ አሁንም አፍራለሁ።

ሐጂ ለስሙ የሚሆን ቦታ ክፍት ትተው ወደ ቀጣዩ መስመር አለፉ። ከዚያ በኋላ ሻይ ባቀረብኩ ቁጥር ያንን ቦታ በጣታቸው እየነኩ ዓይን ዓይኔን ያዩኝ ነበር፣ አስታውሼ የምነግራቸው መስሏቸው።