ሰዓት ለማስተካከል ፓስወርድ የማይጠይቅ ኮምፒውተር

አምና ዲላ ውስጥ ያለው ትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር ክፍሉን ሊዘጋው ነበር። እንዳይዘጋ ያደረግኩት እኔ ነኝ! እንዲህ ብሎ መጻፍ ትንሽ ያሳፍራል፤ ግን እውነት ነው፣ ምን ላድርግ?

ኮምፒውተሮቹ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የተጫነባቸው ያረጁ ማሽኖች ናቸው። መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓታቸው ይዛባል። ላስተካክል ስትሉ ትንሽ ሳጥን ብቅ ትልና የአስተዳዳሪውን ፓስወርድ ትጠይቃለች። ፕሪንተር ስትቀጥሉም ያችው ሳጥን። ፓስወርዱን የሚያውቀው የኮምፒውተር መምህራችን ብቻ ስለሆነ፣ ሌላ ክፍል እያስተማረ እንጠራዋለን፤ ጠመኔውን እንደያዘ እየሮጠ ይመጣል።

ታዲያ ቲቸር ለረጅም ሥልጠና ሊሄድ ሆነ። ዳይሬክተራችን ቁርጡን ነገሩን፤ «ፓስወርድ ለተማሪ አይሰጥም። እሱ እስኪመለስ ክፍሉ ይቆለፋል።» እኛ ቤት ኮምፒውተር የለም። ያ ክፍል ከተዘጋ የጀመርኩት ሁሉ እዚያው ቀረ ማለት ነው።

እናቴ ቡና ሲደርስ ሬኮ በሚባል ቦታ፣ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ትሠራለች። እዚያ ዝናብ ሲመጣ የተሰጣውን ቡና ለመሸፈን ማንም ማንንም አያስፈቅድም፤ ቅርብ ያለ ሰው ሸራውን ይስባል። መጋዘን የሚከፍተው ግን ኃላፊው ብቻ ነው። ኮምፒውተሩስ ሁሉን ነገር እንደ መጋዘን የሚቆልፈው ለምንድን ነው?

«ቲቸር፣ ፓስወርዱን ለማንም ሳንሰጥ መሥራት ይቻላል» አልኩት። «ማን ምን እንደተፈቀደለት የሚጻፍበት ፋይል አለ፤ የሊኑክሱ መመሪያ ላይ አንብቤያለሁ። አንዱ ላይ ልሞክር?»

«ካበላሸሽው ዓመቱን ሙሉ ሰሌዳ የምታጠፊው አንቺ ነሽ!»

ፓስወርዱን አስገባልኝና አጠገቤ ተቀመጠ። ፋይሉ ላይ የተማሪን ፈቃድ ጻፍኩ። ሰዓቱን ነካሁት፤ ሳጥኗ አልመጣችም! እልል ልል ስል ማውሱን ቀማኝና የጽሑፍ ፕሮግራሙን ከኮምፒውተሩ ላይ ጨርሶ አጠፋው። ኮምፒውተሩ ጭጭ! ምንም አልጠየቀም።

«የኔ እመቤት፣ በር ክፈቺ ብትባዪ ግድግዳውን አፈረስሽው» ብሎ ሳቀብኝ።

ፊቴ ጋለ። ለካ ሥራውን ሳልለይ ለተማሪ ሁሉን ነገር ፈቅጄ ኖሯል! መመሪያውን እንደገና ሳነበው እያንዳንዱ ሥራ የራሱ መጠሪያ አለው። ቀዩን ቡና ከጥሬው እንደሚለቅም ሰው የሰዓቱንና የፕሪንተሩን ብቻ ለቅሜ አስገባሁ።

በማግስቱ ዳይሬክተራችን ራሳቸው በተማሪ ስም ገብተው ሞከሩት። ሰዓቱ እሺ አለ። ፕሪንተሩም ወረቀት ተፋ። ከዚያ አንድ ፕሮግራም ሊያጠፉ ሲሉ ሳጥኗ ብቅ አለች።

«ይኸው፣ ፓስወርድ አለ» አሉኝ።

«ይበል! እዚያ ጋ ማለት አለበት!»

ለዳይሬክተር እንዲያ ብዬ መመለሴ እስካሁን ይገርመኛል። ቲቸር ሳቁን ሊደብቅ ወደ መስኮቱ ዞረ። እሳቸው ግን ሳጥኗን ዘጉና፣ «በይ፣ ሌሎቹንም እንዲሁ አድርጊያቸው። ፓስወርዱ እኔ ዘንድ ይሁን፤ ክፍሉ አይዘጋም» አሉ።

ቲቸር ከሄደ በኋላ አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ተመለሰ። አጠገቤ የተቀመጠች፣ የማላውቃት ልጅ ሰዓቱን ራሷ አስተካክላ ሥራዋን ቀጠለች። ማንንም አልጠራችም። ይህን ያደረግኩት እኔ መሆኔንም አላወቀችም።

ነገርኳት። ዝም ልል ነው እንዴ?