ለመዶሻዬ ማንጠልጠያ ፍለጋ፣ ገሳይ

ንጋት 12 ሰዓት፣ ደብረ ታቦር መናኸሪያ

ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ረዳቱ «ገሳይ! ነፋስ መውጫ!» እያለ ይጣራል። የጂኦሎጂ መምህር ነኝ፤ ለተማሪዎቼ የመስክ ቦታ ልመርጥ ነው የምሄደው። ቀበቶዬ ላይ፣ አዲስ አበባ «የውጭ ዕቃ ነው፣ ዕድሜ ልክ ያገለግላል» ተብዬ የገዛሁት የመዶሻ ማንጠልጠያ አለ። ሚኒባሱ ውስጥ ገና ከመቀመጤ እጀታው ወንበሩን ነካና መዶሻው ሽቅብ ተገፋ፤ ሹሉ አጠገቤ ያሉትን እናት ወጋቸው።

«ኧረ ልጄ፣ ይህ ብረትህ ጎኔን ጨረሰው!»

ይቅርታ ጠይቄ እስከ ገሳይ ታቅፌው ሄድኩ።

3 ሰዓት፣ ከገሳይ በላይ

መንገድ መሪዬ ሞላ የአካባቢው ገበሬ ነው። የገብሱን ማሳ ጥግ ይዘን ወጣን። ድንጋይ ላነሣ ጎንበስ ስል መዶሻው ሾልኮ ቁልቁል ተንከባለለ። ሞላ ሊያመጣልኝ ሲወርድ እግሩ ከድቶት ለጥቂት ተረፈ። ነጋዴውን እዚያው ቆሜ ረገምኩት። ይህን የሠራ ሰው ዳገት ወጥቶ ያውቃል?

«ታች መንደር ቆዳ የሚሠራ አለ» አለ ሞላ። «እጁ ወርቅ ነው። ብቻ መምህር፣ ቤቱ እንዳይገቡ። ደጅ ሆነው ያሠሩት።»

«ለምን?»

«ዓይኑ ይበላል... ሰው እንደዚያ ይላል።»

ስጠይቀው፣ የታጠቀው ቀበቶ፣ የበሬዎቹ ጅራፍ፣ የሚጭንበት ጠፍር ሁሉ የእኒሁ ሰው ሥራ ነው! ደሜ ፈላ። እስከ ታች መንደር ድረስ ስቆጣው ወረድኩ።

«እርስዎ የተማሩ ነዎት» ብቻ አለኝ።

6 ሰዓት፣ አያ ደሴ ደጃፍ

ሽማግሌው ማንጠልጠያዬን ገልበጥ አድርገው አይተው ሳቁ። «ይህ ለግድግዳ እንጂ ለሰው አይሆንም።»

መዶሻውን ትተው እኔን ለኩ። «ተቀመጥ። ጎንበስ በል። እስቲ ዳገቱን ውጣ።» ወፍራም የበሬ ቆዳ ቆርጠው ለእጀታው ቀለበት፣ ለመዶሻው ራስ መያዣ ጠፍር ሰፉለት። ስቀመጥ አብሮኝ እንዲወዛወዝ ከቀበቶው ዝቅ አደረጉት። ጎንበስ ብዬ ዘለልኩ፤ መዶሻው አልሾለከም። የጠየቁኝን ከፈልኩ።

«በል ቤት ግባና ጠላ ቅመስ» አሉኝ።

ሞላ መንገዱ ላይ ቆሞ ያየናል።

«እግዜር ይስጥልኝ አያ፣ መኪና ያመልጠኛል።»

«ይሁን» ብለው ወስፌያቸውን አነሡ። የለመዱት መልስ ነበር።

10 ሰዓት፣ ገሳይ መንገድ ዳር

መኪና የሚባል የለም። ነጋዴውን ረግሜያለሁ፣ ሞላን ገሥጫለሁ፤ አሁን ሳልወቀስ የቀረሁት እኔ ነኝ፣ አፍሬያለሁም። የአያ ደሴ ሥራ ወገቤ ላይ ነው። ድንጋይ ላይ ከተቀመጥኩ ሁለት ሰዓት ሆነኝ፤ ለአንድ ጣሳ ጠላ ይበቃ ነበር።